ጨነቅ ቁልቁለት ላይ የተማርኩት፦ የካምፕ ዕቃ የሚጭኑ አይሱዙዎች የተለመዱ ስህተቶች

ለዚህ ዕትም ጽሑፍ አምጡ ስንባል አብዛኞቻችን ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ ለመጻፍ ነው የምንሽቀዳደመው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ስለ ሴንሰር፣ በኮምፒዩተር ስለሚደረግ ምርመራ። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሮጌ አይሱዙ ነው። ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን ስለ ፍሬን ሲያስተምሩን «ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚከዳው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። አንዱ የፍሬን ዘይት ስለሚፈላ አለ፤ ሌላው ሸራው ስለሚያልቅ አለ፤ ሦስተኛው ታምቡሩ ሞቆ ስለሚሰፋ አለ። ሁሉም ልክ ነበሩ። እኔ እጄን አላወጣሁም። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጥቶብኝ ነው። ያንን ሽታ ከሰባት ዓመት በፊት ጨነቅ ቁልቁለት ላይ አሽትቼ ዝም ብያለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ ትምህርት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ኑዛዜ ነው ብትሉኝ አልቃወምም።

መኪናውና መንገዱ

አካባቢውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ከተማ ናት። ከጎንደር ለሚመጣ ሰው ዳባትን አልፎ ነው የምትገኘው። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብርዷ የታወቀ ነው። ከደባርቅ አንዱ መንገድ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ይህን ጠመዝማዛ መጀመሪያ ያስጠረገው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ሌላው መንገድ የጠጠር ሲሆን በፓርኩ ውስጥ አልፎ በሳንቃበር (3250 ሜትር) በኩል ጨነቅ ካምፕ (3620 ሜትር) ይደርሳል። ከጨነቅ ወዲያ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ወጥቶ በቧሂት ሥር ይሻገርና ወደ ጃናሞራ ይሄዳል።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ጭላዳና ዋልያ ለማየት የሚመጣው እንግዳ በእግሩ ሲጓዝ ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ውኃው፣ ጋዙና ምግቡ በበቅሎ ወይም በመኪና ቀድሞት ይሄዳል። የመኪናው ሥራ ብዙ ጊዜ የአይሱዙ ነው። አይሱዙው ሸራ ይለብስና ቀን ዕቃ ጫኝ፣ ሌሊት ደግሞ የሹፌርና የረዳት መኝታ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነትና ከዚያ ወዲህ የመጣው አለመረጋጋት የቱሪስቱን ሥራ ክፉኛ ጎድቶታል። አይሱዙው ግን ሥራ አይፈታም፤ እንግዳ ባይኖር እህልና ሰው ይጭናል። ስለዚህ የምናገረው ስህተት ካምፕ ኖረም አልኖረም አብሮን ያለ ነው።

በነገራችን ላይ በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፒክአፕ መኪናቸው ጀርባ ላይ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ታንከር ያለው ትንሽ ቤት ጭነው አገር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። የእነሱም ቀንደኛ ስህተት ክብደት ነው። ቤቱ ባዶውን ስንት እንደሚመዝን ከወረቀት ያነባሉ፤ ውኃውን፣ ጋዙን፣ ባትሪውን፣ ምግቡንና ራሳቸውን መደመር ይረሳሉ። አገሩ ቢለያይም መዝለያዋ አንዲት ናት።

እንግዲህ ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ። በ2011 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም ነበርና ዓመቱን ከአጎቴ ጋር በረዳትነት ሠራሁ። አጎቴ ሃያ ዓመት የነዱ፣ በደባርቅ የተከበሩ ሹፌር ናቸው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች በሙሉ በዚያ ዓመት ሠርተናቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆንም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ስህተት የሚደጋገመው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሳይቀጣ ስለሚያልፍ ነው። «ስንት ጊዜ ጭነን ወርደን የለም ወይ?» የሚባለው ንግግር ማስረጃ ይመስላል እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ስህተት 1፦ ዋናውን ጭነት ቆጥሮ ሌላውን መርሳት

የአጎቴ መኪና ሊብሬ ላይ የመጫን አቅሙ 35 ኩንታል ተብሎ ተጽፏል። በጥር ወር አንድ ቀን ከቧሂት ማዶ እንግዶች ጉዟቸውን ጨርሰው የካምፑን ዕቃ ልንመልስ ሄድን። እዚያው አንድ ነጋዴ ገብስ ጫኑልኝ አለ። አጎቴም «30 ኩንታል ብቻ ነው፤ አምስት ይጎድላል» ብለው ተስማሙ። ሒሳቡ ልክ ይመስላል አይደል?

አሁን ተማሪ ሆኜ ስደምረው ግን እንዲህ ነው። ገብሱ 30 ኩንታል። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ድስትና የተረፈ ምግብ በትንሹ 3 ኩንታል። በአሥር ጀሪካን የተሞላ ውኃ፣ አንዱ 20 ሊትር ስለሆነና አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ 2 ኩንታል። በዚህ ብቻ 35 ሞላ። ከዚያ በላይ ኩኩ (የካምፕ ምግብ አብሳዩን ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው)፣ ስካውቶቹ፣ በቅሎ ነጂዎቹና መንገድ ላይ «ተባበሩን» ያሉ ገበያተኞች ተሳፈሩ። 13 ሰው፣ በአማካይ 60 ኪሎ ብንለው ወደ 8 ኩንታል ይጠጋል። ድምር 43። ስምንት ኩንታል ትርፍ! ይህን የደመረ ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ብቻ ነው የቆጠረው። ውኃውንስ ማን እንደ ጭነት ይቆጥረዋል? ወደ ቤት እየተመለስን ስለነበር መድፋት እንችል ነበር፤ ግን በድካም የቀዳነው ውኃ አሳዘነን።

ከሊብሬው በላይ ሲጫን የሚጎዳው ባሌስትራው ብቻ አይደለም። ፍሬኑ፣ ጎማውና መሪው በሙሉ የተሠሩት ለተወሰነ ክብደት ነው። ባሌስትራ ስለጨመርን (ደባርቅም ሆነ ጎንደር ብዙ ሰው ያስጨምራል) መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የመጫን አቅሙ ያደገ ይመስለናል። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። ባሌስትራ መጨመር መኪናው መጎንበሱን ይደብቃል እንጂ ሸክሙን አያቀልም።

ስህተት 2፦ ከባዱን ከላይ፣ ሰውን ከሁሉ በላይ

ሁለተኛው ስህተት አጫጫኑ ነው። ካምፕ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታጠፈው ፍራሽና ድንኳን ነው፤ የወጥ ቤት ዕቃና ውኃ መጨረሻ ይነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የተገኘው ከታች ይነጠፋል፣ መጨረሻ የመጣው ከላይ ይቀመጣል። ቀላሉ ከታች፣ ከባዱ ከላይ ሆነ ማለት ነው። ፖርቶመጋላ ያላቸው የቱሪስት ላንድክሩዘሮችም በዚሁ ይታማሉ፤ ጀሪካኑ በሙሉ ጣሪያ ላይ ነው የሚታሰረው።

ይህ ለምን ይጎዳል? አንድ መኪና በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ያለውን መቋቋም በግምት ለማወቅ የግራና የቀኝ ጎማ ርቀትን ግማሽ ወስዶ ለክብደቱ ማዕከል ከፍታ ማካፈል ነው። ለምሳሌ የጎማዎቹ ርቀት 1.6 ሜትር ቢሆንና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ 0.8 ለ1.2 ሲካፈል 0.67 ይመጣል። ጭነቱ ተቆልሎ ማዕከሉ 1.6 ሜትር ቢደርስ 0.5 ይሆናል። ክብደቱ አንድ ግራም ሳይጨምር መኪናው ሩብ ያህል መቋቋሙን አጣ ማለት ነው። ይህም በደልዳላ መንገድ ነው። የጠጠር መንገድ ወደ ገደሉ ሲያጋድል ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል።

ከጭነት ላይ ሰው መጫን ደግሞ በሕግም የተከለከለ ነው፣ በአእምሮም። ገብስ በገመድ ይታሰራል፤ ሰው በምን ይታሰራል? ያን ቀን 11 ሰው ከገብሱና ከፍራሹ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ኩኩም ከላይ ነበሩ። እኔና አጎቴ ጋቢና ውስጥ ነበርን፤ ከእኛ ጋር አንዲት ነፍሰ ጡርና አንድ ሽማግሌ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ገመዱንም ያሰርነው እየሮጥን ነው። አዲስ የታሰረ ጭነት አሥርና አስራ አምስት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ይረግጣል፣ ገመዱም ይላላል። ቆሞ እንደገና ማጥበቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ግን አልቆምንም፤ ሳይመሽ ደባርቅ ለመግባት ቸኩለን ነበር።

ስህተት 3፦ ቁልቁለትን በፍሬን ብቻ መውረድ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን። ከቧሂት መሻገሪያ እስከ ጨነቅ ካምፕ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። መኪናችን ከነጭነቱ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። 7 ቶን 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 41 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ቁጥር ለብቻው ምንም ላይነግራችሁ ይችላል። እንዲህ እናድርገው፦ በስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተቀዳን የስሜን ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ደግሞ ከ1000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ጀሪካኑ ከአሥር ያልፋል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሁለት መንገድ ብቻ አለው፦ ወይ በሞተሩ በኩል ይወጣል፣ ወይ የፍሬን ታምቡር ውስጥ ይገባል።

በከባድ ማርሽ ስንወርድ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም አየር ሲስብና ሲያምቅ ሸክሙን ይጋራል፤ ሙቀቱ በጭስ ማውጫና በራዲያተር ይወጣል። በአይሱዙ ላይ የጭስ መውጫውን በመዝጋት ሞተሩን ይበልጥ የሚያከብደው ፍሬንም አለ፤ ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ግን ተበላሽቶ ማንም አያስጠግነውም። የእኛም ተበላሽቶ ነበር። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ሳይንስ ነው።

አንዳንዱ ሹፌር ግን ናፍታ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይለቃል። አጎቴም ሜዳ ሲመስላቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከዚህ የባሰው ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ነው። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥና የመሪው አጋዥ አብረው ይጠፋሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የሚገርመው ደግሞ ዜሮ ማርሽ የሚቆጥበው ናፍታ ኢምንት ነው፤ መኪናው በማርሽ ቁልቁል ሲሄድ፣ እግር ከነዳጁ ላይ ከተነሣ፣ ፓምፑ ናፍታ መላኩን እስከ ማቆም ይደርሳል።

ፍሬን በተከታታይ ሲረገጥ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ሸራው ይግልና መያዙን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ነው የሚሸተው። ቀጥሎ ታምቡሩ በሙቀት ስለሚሰፋ ሸራው እሱን ለማግኘት ረጅም ይሄዳል፤ ፔዳሉ እየጠለቀ ይመጣል። በመጨረሻ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በፊት አይፈላም። ነገር ግን ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ አርጅቶ ውኃ ከጠጣ በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ፈሳሽ ሲታመቅ ኃይል ያስተላልፋል፣ እንፋሎት ሲታመቅ ግን ዝም ብሎ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው አይቆምም። የእኛ መኪና የፍሬን ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሲጎድል ይጨመርለታል፤ ሲጨመርለት ዓመታት አልፈዋል።

ያን ቀን ግማሽ ያህል እንደወረድን ሽታው መጣ። የተቃጠለ ጎማና የተቃጠለ ጥፍር የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ ነው። አጎቴን አየኋቸው። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው፤ ከሽማግሌው ጋር ስለ ገብስ ዋጋ ያወራሉ። «ጋሼ፣ ፍሬኑ ይሸታል» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል እንኳ አይሞላም። እኔ ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የወደቀ ተማሪ፣ ረዳት ነኝ። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው አያሸትም ብዬ ልንገረው? በሰው ፊት? ዝም አልኩ።

ከሁለት ኩርባ በኋላ አጎቴ ፍሬኑን ደጋግመው ሲያማቱ አየሁ። «ልጄ፣ አጥብቀህ ያዝ» አሉኝ። ማርሽ ለመቀነስ ሞከሩ፤ መኪናው ፍጥነት ይዞ ስለነበር ማርሹ አልገባም። ያኔ መኪናውን ገደሉን ሸሽተው ወደ ተቆረጠው ተራራ ጠርዝ ወሰዱት። እግዜር ይስጣቸውና ያቺ ውሳኔ ሁላችንንም አተረፈች። መኪናው በጎኑ አፈሩን እየፋቀ ሄዶ አጋድሎ ቆመ። ነገር ግን ከላይ የነበሩት ከነፍራሹ ከነጀሪካኑ ተወረወሩ። ሰው አልሞተም። ኩኩ ግን እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ጨነቅ ካምፕ ከፊታችን ይታይ ነበር። «ጨነቅ ሲደርሱ ይጨንቃል» እያልን እንቀልድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያን ቀልድ ቀልጄው አላውቅም።

ስህተት 4፦ ብርድን በከሰል፣ ጋዝን በእሳት

ይህኛው ስህተት ከመንገድ ውጪ ነው፤ ግን ከመንገዱ የባሰ ሊገድል ይችላል። ጨነቅ ላይ በጥርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሹፌርና ረዳት ሸራውን ዘግተው ጭነቱ ቦታ ላይ ይተኛሉ። ታዲያ ብርዱን ለመከላከል የከሰል ምድጃ ያስገባሉ። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ አሁን አይጎዳም» ይባላል። ትልቅ ስህተት ነው! የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከደማችን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ደግሞ አየሩ መጀመሪያውኑ ስስ ነው፤ በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። እኔ ራሴ ሁለት ጠዋት ራሴን እየፈለጠኝ፣ እያጥወለወለኝ ተነሥቻለሁ። የከፍታ ሕመም ነው አልን። አሁን ሳስበው ከሰሉ ይመስለኛል። የደባርቅ ልጅ በምን ከፍታ ይታመማል?

የጋዝ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው። በብርድ ግፊቱ ስለሚቀንስ እሳቱ ይደክማል። ያን ጊዜ ሲሊንደሩን እሳት ዳር የሚያስጠጋ ሰው አይቻለሁ፤ ይህ ቦምብ ማሞቅ ነው። ሌላው ደግሞ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ላይ አይበንም፤ መኪናው ወለል ላይ ይተኛል፣ ክብሪት የሚጭር ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ሲሊንደር ቆሞ ይታሰር፣ ሲጓዝ ቫልቩ ይዘጋ፣ ሰው የሚተኛበት ቦታ አይደር።

ስለ ከፍታ ካነሣን ራዲያተርን ሳልጠቅስ አላልፍም። ክፍት ውኃ ጨነቅ ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝለት ነው። ዳገቱን የወጣ መኪና ክዳን ወዲያው የከፈተ ሰው ግፊቱን በአንዴ ይለቀዋል፤ ውኃው በቅጽበት ፈልቶ ፊቱ ላይ ይወጣል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይከፈት።

ስህተት 5፦ ዝም ማለት

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ አለ። ይህ የመጨረሻው ግን የለም።

ኩኩ እግራቸው ድኗል፤ ግን ያነክሳሉ፣ ተራራ መውጣት አይችሉም። አሁን ዳባት ውስጥ ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው። ባለፍኩ ቁጥር ገብቼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ሻይ ያስከፍሉኝ ብላቸው እምቢ ይላሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሽታውን ማሽተቴን አልነገርኳቸውም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ከመስጠቴ በፊት ግን ሄጄ ነገርኳቸው። ሳልነግራቸው ብጽፈው ነውር ነው አልኩ።

ጥቂት ዝም አሉና «እኔም ሸቶኝ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ከላይ ሆነን ሁላችንም አሽትተናል። ስካውቱ እንዲያውም አፍንጫውን በጋቢ ሸፈነ። ሹፌሩ ያውቃል ብለን ነው።»

ከዚያ አጎቴ ጋ ሄድኩ። እሳቸውም አሽትተው ነበር። «ካምፑ ቀርቧል፣ እዚያ አሳርፈዋለሁ ብዬ» አሉኝ። «ስንት ጊዜ ሸቶ ደርሰን የለም?»

እንግዲህ አያችሁ? በዚያ መኪና ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ረዳቱ ሹፌሩን አከበረ፣ ተሳፋሪው ሹፌሩን አመነ፣ ሹፌሩ ደግሞ ያለፈውን ዕድሉን አመነ። ፍሬኑን ያቃጠለው ቁልቁለቱ ነው፤ ጉዞውን ያላስቆመው ግን የእኛ ዝምታ ነው። አክብሮት ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለትልቅ ሰው ከዝምታ የበለጠ አክብሮት በሰዓቱ መንገር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እኛ ነገ ጋራዥ የምንከፍት፣ መኪና የምንመረምር፣ ሹፌር የምናሠለጥን ሰዎች ነን። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የሚከተሉትን ብንይዝ እላለሁ፦

1ኛ. ከመነሣት በፊት ይደመር። ጭነት፣ ውኃ፣ ጋዝ፣ ምግብና ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከሊብሬው ጋር ይነጻጸር። ብጣሽ ወረቀት ይበቃል።

2ኛ. ከባዱ ከታችና ወደ መሐል፣ ቀላሉ ከላይ። ሰው ከጭነት ላይ አይውጣ። ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሞ ገመድ ይጥበቅ፤ ከኋላ መንታ ጎማዎች መካከል ድንጋይ አለመግባቱም በዚያው ይታይ።

3ኛ. የፍሬን ዘይት ሲጎድል መሙላት ጥገና አይደለም። ለምን ጎደለ ተብሎ ይፈተሽ፣ በየጊዜውም ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ባሌስትራ ለማስጨመር የመጣ ደንበኛ ፍሬኑን ሳያስመረምር አይሂድ።

4ኛ. ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። ከሸተተ ይቆማል። ጎማው በታኮ ተይዞ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ አይደፋ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

5ኛ. ሹፌር ከመነሣቱ በፊት ለረዳቱና ለተሳፋሪው «የሸተተው ወይም የሰማ ነገር ያለው ሰው ይንገረኝ» ይበል። ይህ ናፍታም ሳንቲምም አያስወጣም። ፈቃዱ ከትልቁ ሰው ካልመጣ ትንሹ አይናገርም፤ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ።

አጎቴ ዛሬም ይነዳሉ። መኪናው ያው ነው፤ የፍሬን ዘይቱን ባለፈው ዕረፍት አብረን ቀየርነው። የወጣው ዘይት ቡና ይመስል ነበር። አጎቴ በጠርሙስ ያዙትና ለጓደኞቻቸው ሊያሳዩ ወሰዱት። አሁን ረዳት ሲቀጥሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «አፍንጫህ ደኅና ነው?» ብለው ነው። ልጁ ይስቃል። እሳቸው ግን አይስቁም።

በሚቀጥለው ዕትም በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!